ቢጫ ቆርኪ ያለው ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከአራት ኪሎ ነው። የባለቤቴ ወንድም ቤልጂየም ይኖራል። ከ6 ዓመት በፊት ለጥምቀት ሲመጣ ከቸኮሌቱና ከሽቶው ጋር አንድ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ይዞልን መጣ። «መነኮሳት የጠመቁት ነው፤ ለደግ ቀን አቆዩት» ብሎን ተመለሰ። እኛም ቡፌ ውስጥ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ኋላ እንደሸጎጥነው ረሳነው። ሰሞኑን ቤት ለመቀየር ዕቃ ስንሸክፍ ብቅ አለ። ወረቀት አልተለጠፈበትም። ቆርኪው ቢጫ ሆኖ 12 የሚል ቁጥር አለው። አንገቱ ላይ ከጠርሙሱ ጋር አብሮ የወጣ የፈረንጅ ፊደል ይዳሰሳል። አምፖል ሥር ይዤ ሳየው ደግሞ ሥሩ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ዘቅጧል። አማቴ ነገሩን ሲሰሙ አማተቡ። «ቆብ የደፋ ሰው ቢራ ጠምቆ ይሸጣል? ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው!» አሉ። ባለቤቴ በበኩሏ ተበላሽቷል፣ ይደፋ ባይ ናት። እውነት መነኮሳት ናቸው የሚጠምቁት? ከሆነስ ማን ፈቀደላቸው? ጠርሙሱስ ይጠጣል ወይስ ይደፋል?
(ግራ የገባው አማች)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ይህን እስኪያነቡ ድረስ ተደፍቶ እንዳይጠብቀኝ እሰጋለሁ። አይደፋም! ጭቃ ያሉት ነገር እርሾ ነው። በእኛ ቋንቋ አተላ ይበሉት።

እዚህ ግሮሰሪ ገብተው የሚያዙት ቢራ እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ተጣርቶ ነው የሚታሸገው። ከታሸገ በኋላም ጠርሙሱ ሙቅ ውሃ እየተርከፈከፈበት ያልፋል፤ የተረፈ እርሾ ቢኖር እዚያ ያበቃለታል። የእርስዎ ጠርሙስ ግን ሲታሸግ ትንሽ ስኳርና ሕይወት ያለው እርሾ አብሮት ገብቷል። ቆርኪው ከተመታ በኋላ ውስጥ ውስጡን ሲፈላ ይሰነብታል፤ አረፋውም ጋዙም የሚመጣው ከዚያው ነው። ስኳሩ ሲያልቅ እርሾው ሥር ወርዶ ይተኛል። ያዩት እሱን ነው።

በዚህ ጉዳይ ባለቤትዎን የምወቅስበት አፍ የለኝም። 26 ዓመት በአንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስሠራ እንጀራዬ ድፍርስ ማሳደድ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ማሸጊያ ማሽን ሊተክል የመጣ ፈረንጅ ሁለት ጠርሙስ የመነኮሳት ቢራ ላቦራቶሪያችን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ማረፊያው ሄደ። የማታ ፈረቃ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነበርን። ጠርሙሱን መብራት ላይ ስናነሳው ሥሩ ደፍርሷል። ማን አመጣው፣ ከየት መጣ ብለን አልጠየቅንም። መዝገቡ ላይ «ድፍርስ፤ የተበከለ» ብለን ጻፍንና ሁለቱንም ማጠቢያው ውስጥ ገለበጥናቸው። ይግረምዎና ማጠቢያውን በክሎሪን አጠብነው! ጠዋት ሰውየው አራት ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሊጋብዘን እየሳቀ ገባ። ነገርነው። አልተቆጣም። ማጠቢያው አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለና አሸተተ። ክሎሪን ብቻ ነበር የሚሸተው።

ይብስ የሚያሳፍረኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳስብ ነው። እናቴ ሰራተኛ ሠፈር ውስጥ ጠላ ሻጭ ነበረች። በራችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ይደፋበት ነበር፤ ያኔ ምልክቱ እሱ ነው። ከፒያሳ የወርቅ ቤቶች የሚመጡ ደንበኞቿ «ጉሹን አምጪው» እያሉ ድፍርሱን ለይተው ነበር የሚጠጡት። እዚያ ቤት ያደግኩት ሴትዮ ነጭ ጋዋን ስለብስ አተላ የማላውቅ ሆንኩ።

ወደ ጠርሙስዎ ልመለስ። ቢጫ ቆርኪ፣ 12 ቁጥር፣ ወረቀት አልባ፣ አንገቱ ላይ የተቀረጸ ፊደል ካለው ከቬስትፍሌተረን የመጣ ነው። ቬስትፍሌተረን በቤልጂየም ምዕራብ ፍላንደርስ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1831 የተመሠረተ የቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም አለ። አንገቱ ላይ የዳሰሱት ጽሑፍ «የትራፒስት ቢራ» ማለት ነው። ገዳሙ ሦስት ዓይነት ቢራ አለው፤ የሚለዩትም በቆርኪ ነው። አረንጓዴው ቀለል ያለ ነጣ ያለ ነው፣ ሰማያዊው 8፣ ቢጫው 12 ይባላል። 12 የአልኮሉ መጠን አይደለም፤ አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይምሰልዎ፤ አንዱን ጠርሙስ ብቻዎን ቢጨርሱት የእኛን አገር ቢራ ከሁለት ጠርሙስ በላይ እንደጠጡ ይቁጠሩት።

አዎ፣ መነኮሳት ናቸው። «ትራፒስት» የሚለው ስም የመጣው ላ ትራፕ ከሚባል የፈረንሳይ ገዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ1664 እዚያ አንድ አበምኔት ሥርዓቱ ላልቷል ብሎ ጥብቅ ተሐድሶ ጀመረ፤ ዝምታ፣ ጸሎት፣ ሥጋ አለመብላት፣ የእጅ ሥራ። የሚተዳደሩት በስድስተኛው መቶ ዘመን በተጻፈው በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት ነው። ለአማትዎ እንዲህ ብለው ያንብቡላቸው፤ እነዚህ ሰዎች በቀን ሰባት ጊዜ ይጸልያሉ። «ስለ ጽድቅህ ፍርድ ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» የሚለው መዝሙር የእኛ አባቶች ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት እንዳቆሙበት ሁሉ እነሱም በእሱው ቆመዋል። ሌሊት ማንም ሳይነሳ ይነሳሉ። ቢራው በዚያ መሀል በሚገኘው ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው።

«ማን ፈቀደላቸው?» ላሉት የራሳቸው ሥርዓት ነው ያዘዛቸው። መጥመቅ ግዴታ ነው ማለቴ አይደለም። የቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኩሴ በእጁ ሥራ ይኑር፣ እንግዳም ይቀበል ይላል። ከምጽዋት ይልቅ ላብ። በዚያ ሥርዓት አንዱ ገዳም አይብ ይሠራል፣ ሌላው ዳቦ ይጋግራል፣ ሌላው ንብ ያረባል። የወይን አገር የሆኑት ወይን ይጠምቃሉ። ፍላንደርስ ደግሞ ወይን ብዙም የማይበቅልበት ዝናባም አገር ነው፤ ገብስ ግን አለ፣ ከገዳሙ አጠገብ ያለችው ፖፐሪንገ የምትባል ከተማም በሆፕስ እርሻ የታወቀች ናት። ሆፕስ ማለት የእነሱ ጌሾ ነው፤ ምሬቱን የሚሰጠውም እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ብቅሉ እጃቸው ላይ፣ ጌሾአቸው ደጃቸው ላይ እያለ ምን ይጥመቁ ኖሯል?

አሁን እኔን የሚደንቀኝን ልንገርዎ። ይህ ገዳም በዓመት የሚጠምቀው ወደ 6,000 ሄክቶ ሊትር ነው፤ አንዱ ሄክቶ መቶ ሊትር ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች በሚሊዮን ነው የሚቆጥሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የቢራ አፍቃሪዎች የድረ ገጽ ምርጫ ይህን የእርስዎን 12 የዓለም ምርጥ ቢራ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ የገዳሙ መንገድ በመኪና ተዘጋ፤ ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ይሰለፍ ጀመር። እንዲህ ያለ ገበያ እኔ በሠራሁበት ቤት ቢመጣ ኖሮ በሳምንቱ ሦስተኛ ፈረቃ ይከፈታል፣ በወሩ አዲስ ጋን ይታዘዛል፣ በዓመቱ ሌላ ፋብሪካ ይመረቃል። መነኮሳቱ ግን ገበያውን አይተው ምርት ለመጨመር አልተነሱም። ገዳሙን ለማኖርና ለድሃ የሚሰጡትን ለመስጠት ያው ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ ከጠመቁ የጸሎቱ ሰዓት ይሸረፋል። የጨመሩት ነገር ቢኖር ስልክ ነው። ገዢው አስቀድሞ ደውሎ የመኪናውን ታርጋ ያስመዘግብና በቀጠሮው ቀን በር ላይ የተፈቀደለትን ሳጥን ይረከብ ጀመር። መልሶ እንዳይሸጥም ቃል ያስገቡታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ምዝገባው በኢንተርኔት ሆኗል። የገዳሙን ሕንጻ ማደስ ሲኖርባቸው ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012፣ ለአንድ ጊዜ በሱቅ እንዲሸጥ ፈቀዱና ገንዘቡ ሲሞላ ወደ በራቸው ተመለሱ። የባለቤትዎ ወንድም ለእርስዎ ጠርሙስ ስንት ቀን ተራ እንደጠበቀ፣ ወይም ቃሉን ያፈረሰ ሻጭ አግኝቶ ስንት እንደከፈለ ይጠይቁት።

እርሾውን እንኳ የራሳቸው ብቻ አላደረጉትም። ቬስትማለ ከሚባለው ሌላ የትራፒስት ገዳም ነው የሚያስመጡት፤ ልክ እኛ የእንጀራ እርሾ ሲጠፋብን ኩባያ ይዘን ጎረቤት እንደምንሄደው። እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና የምወዳቸውን አንድ መነኩሴ ላንሳ። ሺሜይ በሚባለው ገዳም አባ ቴዎዶር የሚባሉ ነበሩ፤ በእኛ አጠራር አባ ቴዎድሮስ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቢራቸው ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ እየሆነ ስላስቸገራቸው ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩ የቢራ ሊቅ ጋር ሆነው እርሾውን ያጠኑ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከተደበላለቀው እርሾ መሀል የሚስማማቸውን ለይተው አወጡ። የሺሜይ ቢራ እስከ ዛሬ የሚፈላው በዚያ ዘር ነው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ መነኩሴ ሁሌም ይታዩኛል። እኔም ያንኑ ሥራ ነበር የምሠራው፤ ቆብ ባልደፋም።

እንግዲህ አጠጣጡ። መጀመሪያ ጠርሙሱን ሽቅብ አቁመው ለአንድ ቀን ይተዉት፤ በጉዞና በሸክም የተናወጠው አተላ ይረጋል። 6 ዓመት መቆየቱ አያስጨንቅዎ፤ ጠንካራና ጥቁር ቢራ ሲከርም ይለሰልሳል እንጂ እንደ ቀላሉ ቢራ ቶሎ አይሞትም። የምፈራው ቡፌዎ መስታወት ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ከርሞ እንደሆነ ነው። ብርሃን ሆፕሱን ይጎዳዋል፣ መጥፎ ሽታም ያመጣበታል። ቡናማው ጠርሙስ ግን ብዙውን ይከላከላል፤ ከብርጭቆ ጀርባ መደበቁም ጠቅሞታል።

ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ቤት ማለት ነው። ማታ መሬት ላይ ቢያሳድሩት ይደርሳል። ጃምቦ እንዳያቀርቡለት፤ አፉ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ሁለት ሦስት ብርጭቆ አጠገብ ለአጠገብ ይደርድሩና ጠርሙሱን አንዴ ካዘነበሉት ሳያቀኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፉ ይቅዱ፤ ባቀኑትና ባዘነበሉት ቁጥር አተላው ይነሳልና። ጠርሙሱ አንገት ላይ ጥቁር ጅራት ብቅ ሲል ሲያዩ ያቁሙ። ሥሩ የቀረውን አንድ ጣት ያህል በትንሽ ብርጭቆ ለብቻው መቅመስ ይቻላል። ዳቦ ዳቦ ይላል፤ ሆድ ያላላል ቢባልም ጉሽ ለለመደ የአራዳ ሆድ ምንም አይደል። ዋናው ቢራ ዘቢብና ቴምር፣ ከኋላው የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ማሽተቱን አይዝለሉት።

አማትዎ ባይጠጡም ቆርኪውን ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የገዳም ሥዕል ያለበት የውጭ ቢራ አየሁ። ሻጩ «መነኮሳት ናቸው የሚሠሩት» አለኝ። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እውነቱን ነው?
(ከራስ መኮንን ድልድይ)

መልስ፦ ሥዕል አይጠጣም፣ የኔ ልጅ። ጠርሙሱን አዙረህ ባለ ስድስት ማዕዘን ማኅተም ፈልግ። ትራፒስት ገዳማት በስማቸው የሚነግደው ሲበዛባቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ማኅበር አቋቁመው ያወጡት ምልክት ነው። ማኅተሙን ለማግኘት ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም ከአጠገቡ መጠመቅ አለበት። የሚጠምቁት ራሳቸው መነኮሳቱ መሆን አለባቸው፣ ቢያንስ በእነሱ ትእዛዝ ሥር። ገቢውም ለኑሯቸውና ለገዳሙ ጥገና ይውላል፤ የተረፈው ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባለአክሲዮን አይደለም።

ማኅተሙ ከሌለው «የገዳም ቢራ» የሚባለው ወገን ነው። በጣም የታወቀው ሌፍ ነው። ሌፍ የእውነት ገዳም ነው፤ ዲናን በምትባል የቤልጂየም ከተማ አሁንም መነኮሳት አሉበት። ጠመቃቸው ግን በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው የተቋረጠው። ዛሬ ቢራውን የሚጠምቀው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ሲሆን ገዳሙ ስለ ስሙ ድርሻ ይከፈለዋል። ቢራው መጥፎ ነው አላልኩም፤ ሻጩ ግን ተሳስቷል።

ማኅተሙ የማይቀለድበት ነገር መሆኑን የምታውቀው መነኩሴ ሲያልቅ ነው። አኸል የሚባለው የቤልጂየም ገዳም ቢራው እንዳለ፣ ጋኑ እንዳለ፣ የመጨረሻዎቹ መነኮሳት ስለወጡ እ.ኤ.አ. በ2021 ምልክቱን አጣ። አሜሪካ የነበረው ስፔንሰር ሥራው አላዋጣ ብሎት በ2022 መጥመቁን ተወ፤ የኦስትሪያው ኤንግልስዜል ገዳም ደግሞ እንደሚዘጋ በ2023 ተነገረ። አንዳንድ ጊዜ ገብስም ሆፕስም ሞልቶ ቆብ የሚደፋ ይጠፋል። በተቃራኒው እንግሊዝ ውስጥ የቅዱስ በርናርድ መነኮሳት ከብቶቻቸውን ሸጠው በ2018 ቢራ ጀመሩ። ወተቱ አላዋጣ ብሏቸው።

ጥያቄ፦ ከስድስት ኪሎ የምጽፍ ተማሪ ነኝ። ትራፒስቶቹ ሳይታሰቡ እኛ ገዳማት ነበሩን፣ ጠላም ነበረን። ታዲያ ለምንድነው የገዳም ጠላ በጠርሙስ አሽገን ለዓለም የማንሸጠው? የሥራ ፈጠራ ውድድር ላይ ላቀርበው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሐሳብሽን አላጣጥልም። ግን ጠላ ሲጠመቅ እኔ አይቼዋለሁና ትንሽ ታገሺኝ።

እናቴ ጋኑን በግራዋ ቅጠል እየፈተገች ታጥባለች። ከዚያ ወይራውን አጭሳ ጋኑን ትደፋበታለች፤ ጭሱ የጋኑን ሆድ እስኪያጠቁረው። ጭሱ ጎጂ ተህዋስ መግደያ መሆኑን ያወቅኩት ደሞዝተኛ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሷ «እንዲሸት» ነበር የምትለኝ። ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾ ቅጠልና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፣ አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቶ እንኩሮ ሆኖ ይጨመራል፣ ጌሾ እንጨቱም ይከተላል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላና ጋኑ አፉ ይታፈናል። አፈናው በጭቃም በእበትም ነው። ከሳምንት በኋላ ይከፈታል። ያ የተከፈተው ቀን ጠላ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ጠላ ነው። በሳምንቱ ኮምጣጤ ሊሆን መንገድ ጀምሯል፤ ውሃ ተደግሞ የወጣውም ቅራሪ ይባላል፣ ለልጆችና ለጥማት። እርሾውም ባክቴሪያውም አብረው ስላሉ ሥራ አያቆሙም። በጠርሙስ ብታሽጊው መደርደሪያ ላይ ይፈነዳል። እንዳይፈነዳ ብታጣሪውና ብታፈይው ደግሞ ቀለም ያለው ሌላ መጠጥ ይሆናል። ውድድሩ ላይ ዳኞች መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህን ነው፤ ስለዚህ አስቢበት።

ሁለተኛው ነገር አስተሳሰቡ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከእናቴ ጋር ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረን ሰሜን ሸዋ ለአንድ ገዳም ዓመታዊ በዓል ወጣን። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ማድጋ አዝለው መጡ፤ ሌላው ዳቦ በሞሰብ ተከተላቸው። ለሁሉም በጣሳ ይቀዱ ነበር፤ ጣሳዎቹ አራት ብቻ ስለነበሩ አንዱ ጠጥቶ ለሌላው ያሳልፋል። ጠላው ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጌሾው በረታ ያለ ነው። እኔ አዲስ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፣ እውቀቴ አፌ ላይ ነው። «አባ፣ ለስንት ቀን ነው የሚጠነሰሰው?» አልኳቸው። «ለበዓሉ ነዋ!» አሉኝና ወደሚቀጥለው ጣሳ አለፉ።

ይኸውልሽ፣ ትራፒስቱ የሚጠምቀው ሊኖርበት ነው። የእኛ ገዳም ጠላ የሚጠምቀው ለበዓል፣ ለዝክር፣ ለእንግዳና ለአጫጅ ነው፤ ይጸለይበታል፣ ጸበል ጻዲቅ ሆኖ ይታደላል። መተዳደሪያው ሌላ ነው፤ እርሻ፣ ንብ፣ ሽመና፣ ስፌት፣ ጧፍ። ለቁርባኑ ደግሞ ጠላም የፈላ ወይንም አይቀርብም፤ ዘቢብ ነው የሚዘፈዘፈው። ጭራሽ እህል የማይገባበት ገዳምም አለ፤ ዋልድባ። እዚያ ከሙዝ የሚዘጋጅ ቋርፍ ነው ምግባቸው፤ ገብስ የማይገባበት ቅጥር ውስጥ ጠላ ከየት ይመጣል?

ሐሳብሽን ግን አትጣይው። ከገዳም ይልቅ ጠላ ቤት ላይ አተኩሪ። ሰራተኛ ሠፈርና ዶሮ ማነቂያ የነበሩት ጠላ ሻጮች እየተበተኑ ነው፤ ሙያቸውም ከእነሱ ጋር ይሄዳል። አንዷን አግኝተሽ ከጋኑ አጠባ እስከ መክፈቻው ድረስ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ሙቀቱን እየጻፍሽ ብትከታተያት ከጠርሙሱ በፊት የሚቀድም ሥራ ሠራሽ ማለት ነው። እናቴ አንድም ነገር ጽፋ አልተወችልኝም። እኔም ደብተር ይዤ የማየው የፋብሪካውን ነበር።

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስ ቢራስ የመነኮሳት አይደለም? ስሙ የቅዱስ፣ ሥዕሉም ፈረስና ዘንዶ ነው።
(ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፤ ከቅዱሱ የወሰደው ስምና ሥዕል ነው። በባለቤትነትም ከመንግሥት ወደ ግል ተዛውሯል እንጂ ገዳም ገብቶ አያውቅም።

ስሙ ግን ቤታችን ውስጥ ጣጣ ነበረው። እናቴ በየወሩ በ23 ለጊዮርጊስ ማኅበር ጠላ ትጠምቅ ነበር። አንድ ጊዜ አጎቴ ማኅበርተኛው መሀል ቁጭ ብሎ «እስቲ ጊዮርጊስ ስጡኝ» አለ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመችና «የቱን?» አለችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አጎቴ ጣሳውን ዘረጋ።